አራት ሰከንድ ሳቅ

ከእሑድ ኳስ ውጤት በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ተርፎ፣
የጣቢያው ሹም ሰጠን፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፦
«አንድ ጊዜ ብቻ። ድጋሚ የለም።
ስድብ የለም። ስለ ከንቲባው ቀልድ የለም።»
ኔሊዳ አነበበችው መነጽሯን አውልቃ፣
«ታዲያ ምን ቀረልን?» አለች፣ ከት ብላ ስቃ።

ሦስት ነበርን፣ ሦስታችንም ጀማሪ፦
ኔሊዳ ልብስ ሰፊ፣ ዋልደማር ደብዳቤ አዟሪ፣
እኔ ደግሞ በፋርማሲ ተረኛ ሌሊት አዳሪ።
ማይክራፎን የምናውቀው በትምህርት ቤት በዓል፣
ሲያፏጭ፣ ዳይሬክተሯ ስትል፦ «ይሰማል?... ይሰማል?»

ኡራጓይ ወንዝ ዳር ነን። ማዶው ሌላ አገር፣ መብራቱ ይታያል፤
የጣቢያችን ሞገድ ያለ ፓስፖርት ይሻገራል።

ጽሑፉን በኔሊዳ የስፌት ጠረጴዛ ጻፍነው፣
የተቀደደውን ገጽ በመርፌ ጠቀምነው።
ታሪኩ፦ አንድ ሟች፣ ጡረታው እንዳይቋረጥ ብሎ፣
በየወሩ ባንክ ይመጣል መታወቂያውን አንጠልጥሎ፤
ገንዘብ ከፋዩ አይደነግጥም፣ የሚለው ይኼን ነው፦
«መሞቱስ ይሁን፣ ጌታዬ፤ ማኅተሙ የት ነው?»

ዝናቡ በትሪ ላይ የሚንከባለል ሩዝ፣
እሳቱ የከረሜላ ወረቀት በጆሮ ሥር ሲዳበስ።
ለባንኩ ግን የሚያቃስት በር ታጣ፣
ከጣቢያው ሽንት ቤት በቀር፤ ገመዱም እስከዚያ አይመጣ።
ስለዚህ ሟቹ ዋልደማር፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ፣
ጡረታውን ጠየቀ፣ ድምፁን እንደ ላስቲክ ለጥጦ።

«ሳቅ ካልተሰማ ቀልድ መሆኑን ማን ያውቃል?» አለች ኔሊዳ።
ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉር ቤት ሄድን።
ስድስት ወንዶች፣ የማቴ ኩባያ በእጃቸው፤
«እባካችሁ ሳቁልን» ስንል ቀብር መሰለ ፊታቸው።
ሳቅ ተብሎ የሚስቅ የለም፤ ይኼን ተማርን፤
ቀልዱን አነበብንላቸው፣ አንዱ አዛጋ፣ እኛ አፈርን።
ልንወጣ ስንል ዋልደማር ገመድ ጠልፎት ወደቀ፣
ዶን ኤውስታኪዮ ፊቱን አረፋ እንደሸፈነው ሳቀ።
ሳቀ ማለት ያንሳል፤
እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር፣ ሦስቴ ገመዱ ተስቦ
እምቢ እንደሚል፣ ከዚያ ወንዙን ሁሉ እንደሚያናጋ።
መጨረሻው ላይ ሳል።
ቴፑ ይኼን ያዘ፦ አራት ሰከንድ ሳቅ፣ አንድ ሳል።

እሑድ ማታ ቀዩ መብራት በራ፣ የኔሊዳ እጅ ራደ፤
ገጽ ሦስትን ስንጨርስ፣ ገጽ አራት የት ሄደ?
የሳቁ ቁልፍ የእኔ ነበር፤ ጣቴን ፍርሃት ይዞት
ወይ ቀድሜ እጫነዋለሁ፣ ወይ ቆይቼ፣ ቀልዱ ሲረሳ።
ሟቹ «እናቴ ታማለች» ሲል፦ ሳቅ። ሳል።
«ዛሬ ዝግ ነው» ሲባል፦ ሳቅ። ሳል።
የጠፋች ላም ማስታወቂያ መሃል ገባ፦ ሳቅ። ሳል።
ስልኩ አንዴ ብቻ ጮኸ፤ የማናውቃት ሴት፣ ከማዶ አገር፦
«ያ ሰውዬ ማር ይጠጣ፣ ደረቱ ደህና አይደለም» አለች በቁም ነገር።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከንቲባው አልሰማም፤
ሹሙ «አይከፋም» አለ፤ ከእሱ አፍ ሌላ አይገኝም።

በነሐሴው ብርድ ዶራሊሳ መጣች፣ የኤውስታኪዮ ሚስት፣
በፋርማሲው የሌሊት መስኮት።
መድኃኒት አልጠየቀችም፤ ከቀበርነው አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።
«ያኔ ሰምቼዋለሁ፤ ፕሮግራማችሁ ያሳፍራል።
ግን እዚያ ውስጥ የእኔ ሰው አለ፣ ይስቃል።
ፎቶማ ሞልቶኛል፤ ፎቶ ዝም ይላል።
ቀልዱን ተዉት፤
ሳቁን ብቻ ቁረጡልኝ።»

ኔሊዳ በልብስ መቀሷ፣ ለእጅጌ እንደምትለካ ለክታ፣
አነሣችው ከቴፑ ላይ።
«ሳሉንስ እናውጣው?» አላት ዋልደማር፣ ደግነት መስሎት።
«ሠላሳ ስምንት ዓመት ከዚያ ሳል አጠገብ ነው የተኛሁት፤
ማን ፈቀደልህ ልታወጣው?»

በፖስታ አሸገው። ስድስት በር አልፎ ራሱ አደረሰላት፣
እኛም ተከተልን።
አገላበጠችው፣ ከፊት፣ ከኋላ፤ ዓይኗ ቀልቷል፤
«መሞቱስ ይሁን» አለች፣ «ማኅተሙ የት ነው?»

ያን ጊዜ ሳቅን፣ አራታችንም፣ ደጃፉ ላይ፣
እስኪያስለን ድረስ።
ቴፕ የያዘ ሰው አልነበረም።